ከሞዴሉ በፊት አንብቦ ምልክት የሚያደርግ ሰው

ሰላም ለሁላችሁም። ሐኪሞችና ፕሮግራመሮች አንድ አዳራሽ ውስጥ ስትቀመጡ ማየት በጣም ደስ ይላል፣ ዛሬ የማወራው ስራ ያለ ሁለታችሁም አይሆንምና።

ስለ ስፓኒሽ ነው የማወራው። ወደ 20 አገር ኦፊሻል ቋንቋው ነው፣ ግን የህክምና ጽሁፍ አንብቦ መረጃ የሚያወጣ ሶፍትዌር ብዙው የተሰራው ለእንግሊዝኛ ነበር፣ ማድሪድ ወይ ቦጎታ ያለው ሐኪም ደግሞ በስፓኒሽ ነው የሚጽፈው፣ ያውም በጥድፊያ፣ በምህጻረ ቃል እየቆራረጠ። ለምሳሌ የበሽተኛ ካርድ ላይ "ፒሲአር" ተጽፎ ብታዩ፣ ከላብ ውጤት ጋር ከሆነ ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን ነው፣ ማለትም ኢንፌክሽን ወይ ብግነት ሲኖር ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን፣ ድንገተኛ ክፍል ከሆነ ልብና ትንፋሽ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ኮቪድ ላይ ከሆነ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ምርመራ ነው። ሶስቱም በስፓኒሽ አንድ አይነት ነው የሚጻፉት! ኮምፒውተሩ ዙሪያውን ካላነበበ ኢንፌክሽን ያለበትን ሰው ልቡ ቆሟል ብሎ ይመዘግበዋል። "አለርጂ የለኝም ይላል" የሚለውንም አለርጂ የምትለዋን ብቻ ለቅሞ አለርጂ አለበት ሊል ይችላል።

የስፔን መንግስት በ2015 የቋንቋ ቴክኖሎጂ ፕላን አወጣ፣ የባርሴሎና ሱፐርኮምፒውቲንግ ሴንተርም ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰርቷል። በ2019 ሜዶካን የሚባል ውድድር ተዘጋጀ፣ 1000 የህክምና ታሪኮች ውስጥ የፈጠራ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ እያስገቡ ይሄን ፈልጎ የሚያወጣ ሲስተም ስሩ አሉ። ትክክለኛ እርምጃ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ የበሽተኛው ማንነት ካልተጠበቀ ሆስፒታል ካርዱን አይሰጥማ። ሌሎች ውድድሮችም ተከተሉ፣ በዚያው ዓመት ፋርማኮኔር ለመድሃኒት ስም፣ በ2020 ኮዲኤስፕ ለአይሲዲ ኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ በሽታ ለሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ ኮድ፣ ካንቴሚስት ለካንሰር፣ በ2022 ዲስቴሚስት ለበሽታ ስም እያለ ቀጠለ።

እኔ ከሁሉም የማደንቀው ግን ሞዴሉን፣ ማለትም ከዳታው ተምሮ ጽሁፉን የሚያነበውን ፕሮግራም፣ አይደለም። ባለሙያዎች ቁጭ ብለው ይሄ በሽታ ነው፣ ይሄ መድሃኒት ነው እያሉ ቃል በቃል ምልክት ማድረጋቸውን ነው፣ መመሪያ ጽፈው፣ አንዱን ጽሁፍ ሁለት ሰው ለየብቻ አይቶት፣ ያልተስማሙበትን ተከራክረው መመሪያውን እያረሙ። ከዚያ ዳታውንም መመሪያውንም ለማንም ክፍት አደረጉት፣ ስለዚህ የትም ያለ ተማሪ አውርዶ በአንድ አይነት ፈተና መወዳደር ቻለ።

ጉድለትም አለው። ታሪኮቹ አብዛኞቹ ጆርናል ላይ የታተሙ ስለሆኑ ንጹህ ናቸው፣ ሌሊት ተረኛ ሐኪም እንደሚጽፈው አይደሉም፣ እዚያ ላይ ጥሩ ውጤት ያመጣ ሲስተም ሆስፒታል ሲገባ ሊወድቅ ይችላል።

እኛ ጋ ካርዱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ በሽተኛው ግን ህመሙን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ፕሮግራመሮች፣ ኮድ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ፈልጉ። ሐኪሞች ደግሞ በሳምንት አንድ ሰዓት ስጡን፣ አንብባችሁ ምልክት የምታደርጉበት፣ ፈቃደኛ የሆናችሁ ዛሬ ሳትወጡ ስማችሁን መዝገቡ ላይ አስፍሩልን። አመሰግናለሁ።