ቁንጫ የለበትም፤ ታዲያ ምን ያሳክከዋል?

እንደምን አረፈዳችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቤታችሁን ትታችሁ ስለ ውሻና ድመት ቆዳ ልትሰሙ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጋባዦቻችንንም እንዲሁ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ውሻ ይዘው ክሊኒክ የሚመጡ ሰዎች አዘውትረው የሚሉኝ ነገር አለ። «ዶክተር፣ ቁንጫ የለበትም። ፈትሸነዋል። ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ነው የሚያድረው።» ቀጥሎ የሚመጣውንም አውቀዋለሁ። «ምን እንቀባው?» ወይም «አንድ መርፌ ይውጉልን።»

እኔ ግን እላለሁ፦ ምንም አትቀቡት፤ መርፌውም ይቆይ። መጀመሪያ ንገሩኝ። የቱን ቦታ ነው የሚያከው? ከመቼ ጀምሮ? ምን ይበላል? ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው አለ? በቆዳ በሽታ ላይ የባለቤቱ ወሬ ከብዙ የላቦራቶሪ ውጤት ይበልጥብኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

«ቁንጫ የለበትም» ከምትለው እንነሳ። እውነት የለበትም?

አንዳንድ ውሻ የቁንጫ አለርጂ አለበት። የሚያስቸግረው የቁንጫው ብዛት ሳይሆን ምራቁ ነው። ቁንጫ ስትነክስ ምራቋን ቆዳው ውስጥ ትተዋለች። አለርጂ ያለበት ውሻ በጥቂት ንክሻ ለቀናት ሲያክ ይሰነብታል። እናንተ ፀጉሩን ገልጣችሁ ስትፈልጉ የነከሰችው ቁንጫ ሄዳለች። ድመት ደግሞ የባሰች ናት። ራሷን ስትልስ ቁንጫውን አብራ ስለምትውጠው ማስረጃውን ታጠፋለች።

በዚያ ላይ ውሻው ላይ የምታዩት ቁንጫ ቤት ውስጥ ካለው ጥቂቱ ነው። እንቁላሉ፣ እጩ፣ ገና ያልተፈለፈለው፣ አብዛኛው ያለው ውሻው በሚተኛበት ጆንያ፣ በወለሉ ስንጥቅና በሶፋው ሥር ነው።

ቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት ነገር አለ። ጥርሱ ጠባብ በሆነ ማበጠሪያ ከወገቡ እስከ ጅራቱ ሥር አበጥሩት። የወጣውን ጥቁር ብናኝ በረጠበ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉት። ዙሪያው ቀይ ቡናማ ቀለም ከለቀቀ የቁንጫ ኩስ ነው። ቀለሙ ቁንጫዋ የፈጨችው ደም ነው። አፈር ከሆነ ግን አፈር ሆኖ ይቀራል።

ቦታውም ይናገራል። የቁንጫ አለርጂ የሚወደው ከወገብ በታች፣ የጅራት ሥርና የኋላ ጭን ነው። ውሻችሁ እዚያ የሚያክ ከሆነ፣ ቁንጫ አያችሁም አላያችሁም፣ እኔ መጀመሪያ የማክመው ቁንጫን ነው። ያውም በቤቱ ያሉትን እንስሳት ሁሉ፣ መኝታቸውንም ጨምሬ።

እሺ፣ ቁንጫ በእርግጥ የለም እንበል። ቀጥሎ የምጠረጥረው እከክ ነው። የእከክ ተባይ በዓይን አትታይም። ቆዳ ውስጥ እየቆፈረች ነው የምትኖረው። የምትጀምረው ፀጉር ሳሳ ካለበት ቦታ ነው፤ የጆሮ ጠርዝ፣ ክርን፣ ቁርጭምጭሚት፣ ሆድ። የጆሮውን ጠርዝ በጣታችሁ ሸት ሸት ስታደርጉት የኋላ እግሩ አየር ላይ ማከክ ከጀመረ ጥርጣሬዬ ይጨምራል። «ልጆቹም ክንዳቸው ላይ ሽፍታ ወጥቶባቸዋል» ካላችሁኝ ደግሞ ነገሩ ወደ ማለቁ ነው። የውሻ እከክ ሰው ላይ ይተላለፋል። ብዙ አይሰነብትም፣ ውሻው ሲታከም ይጠፋል፣ እስከዚያው ግን ያሳክካል።

ቆዳውን ፍቀን በማይክሮስኮፕ ብናይ ይቺን ተባይ ብዙ ጊዜ አናገኛትም። ውሻው ላይ እያለች ውጤቱ «የለም» ብሎ ይመጣል። የባለቤቱ ወሬ ይበልጥብኛል ያልኩት ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆጣ። ከጋራዥ የመጣ የተቃጠለ ዘይት የተቀባ ውሻ ስንቴ አይቻለሁ መሰላችሁ። ነጭ ጋዝ የተቀባም አለ። የትኋን መርጫ የተረጨበትም አለ። ውሻ የተቀባውን ይልሳል፤ የቆሰለ ቆዳ ደግሞ መርዝ ይስባል። አንዳንዱ እከኩ ሳይሆን መድኃኒት የተባለው ነገር ነው የሚገድለው። ለከብትና ለበግ የሚወጋው አይቨርሜክቲንም በግምት የሚሰጥ አይደለም። የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ አንዳንድ ውሾች በዘር የሚወርሱት ለውጥ ስላለባቸው መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው ዘልቆ ይገባል። በኮሊ ዝርያ የታወቀ ነው፤ በጀርመን ሸፐርድም ይገኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ግቢ ጀርመን ሸፐርድ እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚያመጣው የቁንጫ ጠብታም ካለ ጽሑፉን አንብቡ። ፐርሜትሪን የሚባል ተባይ ገዳይ ያለበትን የውሻ ጠብታ ድመት ላይ እንዳታደርጉ። የድመት ጉበት ሊያስወግደው አይችልም። መንቀጥቀጥ ይጀምራታል፣ ልትሞትም ትችላለች።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ልግባ። ቁንጫም እከክም ከሌለ፣ ዕድሜው ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ማከክ የጀመረ ውሻ ብዙውን ጊዜ አለርጂ ነው። ሰው የአበባ ብናኝ አለርጂ ሲኖርበት ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑ ያለቅሳል። ውሻ ግን በቆዳው ነው የሚናገረው። መዳፉን ይልሳል። ነጭ ውሻ ከሆነ የጣቶቹ መሃል በምራቁ ዝገት ይመስላል። ብብቱ፣ ሆዱ፣ ፊቱ ይቀላል። ጆሮው ይታከማል፣ ይድናል፣ ከወር በኋላ ደግሞ ይመለሳል። «ጆሮው አልድን አለ» ብለው የሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግሩ ጆሮው ብቻ አለመሆኑ አይገባቸውም።

ምንጩ የሣርና የዛፍ ብናኝ፣ ሻጋታ፣ ወይም የቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተባዮች ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው «ከመቼ ጀምሮ» ብዬ የምጠይቀው። በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የሚነሳ ከሆነ ሣርና አበባውን አስባለሁ። ዓመቱን ሙሉ ከሆነ የቤት አቧራን ወይም ምግብን።

«ደሙ ይመርመርና ይታወቅ» የምትሉ ትኖራላችሁ። የደም ምርመራው አለርጂ አለበት ወይም የለበትም ብሎ አይፈርድም። የሚጠቅመው አለርጂነቱ ከታወቀ በኋላ፣ የትኛውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ እየወጋን እናለማምደው የሚለውን ለመምረጥ ነው። አለርጂነቱ የሚታወቀው ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ በማውጣት ነው። አሰልቺ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ይህ ዓይነቱ አለርጂ ድኖ አይጠፋም። በቁጥጥር ሥር ይውላል እንጂ። ለሰው የሚሰጠው የአለርጂ ክኒን ውሻ ላይ ብዙም አይሠራም። ባለፉት ዓመታት ግን ጥሩ መድኃኒቶች መጥተዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኦክላሲቲኒብ የሚባለው ክኒን የማሳከኩን መልእክት መንገድ ላይ ይቆርጠዋል። ሎኪቬትማብ የሚባል መርፌም አለ። እሱ ግን ከፍሪጅ መውጣት የለበትም፤ ስለዚህ ዘመድ በሻንጣ ያመጣልኛል ብላችሁ አታስቡ።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ አገር ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። የምግብ አለርጂ ያለበት ውሻ የሚቆጣው ባዲስ ምግብ አይደለም። ለዓመታት ሲበላው በኖረው ነው። ብዙ ሰው «ምግቡን አልቀየርንም» ሲለኝ ነፃ ያወጣው ይመስለዋል። ውሻ ላይ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠሩት የበሬ ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው። ከልኳንዳ የሚመጣ ትራፊ፣ የተረፈ ወተት፣ ደረቅ ዳቦ፤ የግቢያችን ውሻ ምግብ ይኸው አይደለም?

የሚታወቀው በሙከራ ነው። በልቶት የማያውቀውን ሥጋ ትመርጣላችሁ። ፍየል ቀምሶ ካላወቀ ፍየል፣ ጅግጅጋ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ ግመል ሰጥታችሁት ካላወቃችሁ ግመል። ከድንች ጋር ትቀቅሉታላችሁ። ቅመም፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት የለበትም፤ ሽንኩርት ለውሻ ደሙን የሚያፈርስ መርዝ ነው። ይህንን ብቻ ስምንት ሳምንት። ሙከራውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም። ዘበኛው ነው። ምሳውን ሲበላ ዓይን ዓይኑን ሲያየው አንጀቱ አይችልም፣ አንድ ጉርሻ ይወረውርለታል። ስለዚህ ዘበኛውንም፣ ልጆቹንም፣ ጎረቤቱንም ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯቸው። ለሚያድግ ቡችላ ግን ይህ ምግብ ብቻውን አይበቃውም፤ እሱን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ስምንት ሳምንት 56 ቀን ነው። በብዙ ጿሚ ቤት ባለቤቱ ሲጾም ውሻውም አብሮ ይጾማል፤ ሥጋም ወተትም አያገኝም። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፣ አጥንቱ ይጎርፋል። እንግዲህ በሁዳዴ መጨረሻ ማከኩ ቀንሶ፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት እንደገና የተነሳበት ውሻ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትውጡ። ሳታውቁት ግማሹን ሥራ ሠርታችሁልናል። በእርግጥ ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። በዚያው ወራት አየሩም ይቀየራል፤ ዳቦውም አልተቋረጠም። ብቻ ከየት እንደምንጀምር ይነግረናል። ድመታችሁን ግን አታስጾሙ። ድመት ሥጋ የግድ ነው፤ ሥጋ ውስጥ ያለው ታውሪን ካጣች ልቧና ዓይኗ ይጎዳል።

ምንም ይሁን ምንጩ፣ የታከከ ቆዳ ይላጣል። ከዚያ ባክቴሪያና እርሾ የሚባለው ፈንገስ ይገቡበታል፤ እነሱም በራሳቸው ያሳክካሉ። ውሻው መሽተት ይጀምራል። ቆዳው ይወዛል፣ ይወፍራል፣ ይጠቁራል። ሰው ሽታውን ሲያይ በኦሞ ያጥበዋል። በኦሞ ሲታጠብ ቆዳው ይደርቃል፣ ይብስበታል። ለዚህ የሚሆነው ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ያለበት የእንስሳት ሻምፖ ነው። አረፋው ገላው ላይ አሥር ደቂቃ መቆየት አለበት። አሥር ደቂቃ ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ውሻውን የሚያጫውት ሰው አጠገቡ አስቀምጡ።

ድመቶችን በአጭሩ። ድመት ስታሳክካት ብዙ ጊዜ አታክም፤ ትልሳለች። ሆዷ ወይም የጭኗ ውስጥ ፀጉሩ ተላጭቶ ካያችሁት ንጽሕና ወዳ አይደለም። ጆሮዋ ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ካለ የጆሮ ተባይ ነው። ክብ ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ካለ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ጭርት ወደ ልጆችም ስለሚተላለፍ አትዘግዩ።

አንድ የማላልፈው ነገር አለ። ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት በሌላ እንስሳ የተነከሰ ውሻ፣ ያንኑ የተነከሰበትን ቦታ አምርሮ ማከክና መንከስ ከጀመረ፣ ጠባዩም ከተለወጠ፣ እጃችሁን አትስደዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በዚህ መልክም ሊጀምር ይችላል። በር ዝጉበት፣ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። የነከሰው ወይም ምራቁ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብና ያን ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ስለ መርፌውስ? «አንድ መርፌ ይውጉልን» የምትሉት ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ነው። ይሠራል፤ አልዋሻችሁም። ማከኩ በአንድ ቀን ፀጥ ይላል። ግን እከክ ከሆነ ተባይዋ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ ኢንፌክሽን ከሆነ ይስፋፋል። ውሻው ውሃ ይጠማዋል፣ ሽንቱ ይበዛል፣ ይወፍራል። እየተደጋገመ ሲሄድ ቆዳው ይሳሳል፣ ስኳር በሽታም ሊመጣ ይችላል። ለእኔ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደኝ፣ የምመረምረውን ምልክት ስለሚሸፍንብኝ ነው። ስቴሮይድ ጠላት አይደለም፤ እኔም እሰጣለሁ። የምሰጠው ግን ምን እንደማክም ካወቅሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ ወደ ሐኪም ስትመጡ ሌሊት ሲያክ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹልን፤ ክሊኒክ ሲገባ በፍርሃት ማከኩን ይረሳዋልና። ከመምጣታችሁ በፊት ባሉት ቀናት አትጠቡት፤ ታጥቦ ያማረ ውሻ ለእኛ ባዶ ወረቀት ነው። እስካሁን የሰጣችሁትን ሁሉ ካርቶኑን ወይም ጠርሙሱን ይዛችሁ ኑ፤ የተቃጠለ ዘይትም ከሆነ ንገሩን፣ አንቆጣም። ትንሽ ብቻ ነው የምንቆጣው።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። ማበጠሪያና ሶፍት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፤ ውሻቸውን ይዘው የመጡ ሰዎች ከጥያቄው በኋላ ወደዚህ ይምጡና አብረን እናበጥራለን።