ድንጋዩ «ሠራኝ» ያለው ሰው

[ምስል፦ አረንጓዴ ኮረብታ፣ በጎች፣ ከግራጫ ድንጋይ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን]

ያለነው ሰሜን እንግሊዝ፣ ከምብሪያ ነው። ከኮከርማውዝ ከተማ ወደ ሰሜን ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ስትወጡ ብራይድከርክ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ስሟ «የብራይድ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው፤ ብራይድ የተባለችው የአየርላንዷ ቅድስት ብሪጂድ ናት። ሕንፃው በ1868 እና በ1870 መካከል እንደ አዲስ ስለተሠራ ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። (ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) የአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ግን ዛሬም አጠገቡ ቆሟል። እኛን የሚያስገባን ውስጥ ያለው ዕቃ ነው።

[ምስል፦ አራት ማዕዘን የድንጋይ ገንዳ፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን]

ሕፃናት ክርስትና የሚነሡበት ማጥመቂያ ገንዳ ነው፤ የተጠረበው በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። በዚያ ዘመን ሕፃን የሚጠመቀው ውኃው ውስጥ ተነክሮ ስለነበር፣ የእንግሊዝ አጥቢያዎች ገንዳዎች ጥልቅና ሰፊ ናቸው። አንዴ የተባረከው ውኃ ደግሞ ቶሎ አይደፋም፤ ገንዳው ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። እኛ ጠበል በጀሪካን ቀድተን ቤት ብንወስድ የሚገርመው የለም። እዚያ ግን ውኃውን ለጥንቆላ የሚሰርቁ አሉ ተብሎ ስለተፈራ፣ በ1236 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ኤድመንድ ማጥመቂያዎች ሁሉ ክዳን ተበጅቶላቸው እንዲቆለፉ አዘዘ። ብዙ የድሮ ገንዳዎች ጠርዝ ላይ የሚታየው የብረት ማሠሪያ ቀዳዳ የዚያ ቁልፍ ምልክት ነው።

የብራይድከርኩ ገንዳ አራቱም ጎኖቹ ተቀርጸዋል። አንዱ ላይ አዳምና ሔዋን ከገነት ሲባረሩ፣ አንዱ ላይ ዮሐንስ ጌታን ሲያጠምቀው ይታያል፤ ከላይ ርግብ አለች። አንዱን ጎን አውሬዎች ይዘውታል። አራተኛው ጎን ነው ጉዱ።

[ምስል፦ አራተኛው ጎን በቅርበት]

በኛ ብራና ላይ «ሐረግ» የምንለውን ጌጥ አስቡ፤ ቅጠሉና ግንዱ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። በመካከሉ እንደ መቀነት የተዘረጋ ጥብጣብ አለ፤ ጥብጣቡ ላይ ጽሑፍ። ከሥሩ አንድ ሰው በአንድ እጁ መሮ፣ በሌላው መዶሻ ይዞ ያንኑ ሐረግ ሲጠርብ ይታያል።

ጽሑፉ ሊቃውንቱን አስቸግሯል። የእንግሊዝ የታሪክ ሊቅ ዊልያም ካምደን በ1607 በታተመው መጽሐፉ ፊደሎቹን ቀርጾ አወጣቸው፤ ምን እንደሚሉና የየትኛው ሕዝብ ፊደል እንደሆኑ ግን አላውቅም፣ ሊቃውንት ይፍረዱ ብሎ አለፈ። በ1685 ኋላ የካርላይል ጳጳስ የሆነው ዊልያም ኒኮልሰን ፈታሁት አለ። በእሱ ንባብ፣ ኤካርድ የሚባል ሰው እዚህ ክርስትና ተቀብሏል፤ የእሱን አርአያ ተከትለውም ዴኖች፣ ማለትም ከዴንማርክ የመጡት ሰዎች፣ ወደ እምነት መጥተዋል። ትልቅ ታሪክ ነው! የሚያሳዝነው፣ ድንጋዩ እንዲህ አላለም።

ያለው ሁለት ቤት የሚመታ ግጥም ነው። የመጀመሪያው ስንኝ «ኢውሮክቴ»፣ ሁለተኛው «ብሮክቴ» ብሎ ያበቃል። ወደኛ ሲመጣ እንዲህ ቢባል አይርቅም፦

ሪካርድ ሠራኝ፣
ለዚህም ውበት አበቃኝ።

የተናገረው ገንዳው ራሱ ነው። ያ መሮና መዶሻ የያዘው ሰውዬም ሪካርድ ነው ተብሎ ይታመናል። ኒኮልሰን የአንድን ሕዝብ መመለስ ሲፈልግ፣ ዓይኑ ሥር መሮ ይዞ የተቀመጠውን ሰው አላስተዋለውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

[ምስል፦ ጽሑፉ፣ ፊደል በፊደል]

እኔን ይበልጥ ያቆመኝ ግን ፊደሉ ነው። ሩን ይባላል፤ የሰሜን አውሮፓ የጥንት ፊደል ነው። አብዛኛው ጭረቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ እንጨትና ድንጋይ ላይ ለመቅረጽ ይመቻል። እዚህ ያለው የስካንዲኔቪያ ሰዎች የሚጽፉበት ዓይነት ነው፤ በ10ኛው ክፍለ ዘመን እነዚህ ሰዎች በከምብሪያ ሰፍረው ነበር። ቋንቋው ግን እንግሊዝኛ ነው። ሩኑ ለእንግሊዝኛው ድምፅ በማይበቃበት ቦታ ጠራቢው ከመጽሐፍ ጥቂት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተውሶ ሰንቅሯል። በላዩ ደግሞ ሪካርድ የሚለው ስም ኖርማኖች ከፈረንሳይ ይዘውት የመጡት ነው፤ እነሱ የከምብሪያዋን ከተማ ካርላይልን የያዙት በ1092 ነው። የሰፋሪ ፊደል፣ የአገሬው ቋንቋ፣ የአዲስ ገዢ ስም፣ ሦስቱም በአንድ ጥብጣብ ላይ። አጥቢያው ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ከዚህ በላይ የሚነግር ወረቀት እንዳለ እጠራጠራለሁ።

[ምስል፦ ካሜራው ከጽሑፉ ወደ ታች ይወርዳል]

ቦታው ደርሳችሁ ብታዩት ጎንበስ ማለት አለባችሁ። ሪካርድ ራሱን ያስቀመጠው ከጽሑፉ በታች ነው፤ መሮው ሐረጉ ላይ እንዳረፈ።