ሽቦው የሚቃጠለው በጄነሬተሩ አይደለም

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮች። ዛሬ የማወራው ስለ መብራት ነው፤ ኦክስጅን ኖት ኢንክሉድድ በሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ስላለው መብራት።

ቤዙ፣ ማለትም በጨዋታው የምንሠራው መኖሪያ፣ ሲጨልም የብዙ ተጫዋች እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጄነሬተር ነው። አንድ የከሰል ጄነሬተር ይጨመራል፣ ሽቦው ግን መልሶ ይበላሻል። እዚህ ጨዋታ ውስጥ ሽቦን የሚጎዳው የሚመነጨው ኃይል ሳይሆን ማሽኖቹ የሚስቡት ነው። ተራ ሽቦ ላይ አሥር ጄነሬተር ብትሰኩበት ምንም አይሆንም። የጋዝ ፓምፕ 240 ዋት ይስባል፤ አራቱ 960 ናቸው፣ ሽቦው 1000 ስለሚችል ይሸከማቸዋል። አንድ ባለ 120 ዋት ኤሌክትሮላይዘር (ውሃን ወደ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የሚከፍል ማሽን) ስትጨምሩ 1080 ይሆናል። ችግሩ ወዲያው አይታይም፣ ፓምፖቹ ጋዝ ሲያጡ ይቆማሉና። አምስቱም አብረው የሠሩ ዕለት ነው ሽቦው የሚጎዳው። ስለዚህ አሁን የሚሳበውን ብቻ አትዩ፤ ሁሉም ቢነሱ የሚሳበውን ደምሩ።

የብረት ማጣሪያ ደግሞ ብቻውን 1200 ዋት ይፈልጋል፤ ተራ ሽቦ ላይ ቦታ የለውም። 2000 ዋት የሚችለው ኮንዳክቲቭ ሽቦ የተጣራ ብረት ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ከድንጋይ መፍጫው አግኙ፦ 100 ኪሎ ማዕድን 50 ኪሎ ብረትና 50 ኪሎ አሸዋ ይሰጣል። ግማሹ አሸዋ ሆኖ ይቀራል፣ ግን ለመነሻ በቂ ነው።

እኔ የማምንበት አሠራር የከተማን መስመር የሚመስለው ነው፦ ከፍተኛ ተሸካሚው ለብቻ፣ የሰፈሩ ለብቻ። 20 ኪሎዋት የሚችለው ሄቪ-ዋት ሽቦ ጄነሬተሮቹንና ባትሪዎቹን ያገናኝ፤ ወደ እያንዳንዱ ክፍል የሚያልፈውን ኃይል በሚገድብ ትራንስፎርመር ይውረድ። ባለ 1 ኪሎዋቱ ትንሹ ትራንስፎርመር ለተራ ሽቦ ልኩ ነው፤ ከልኩ በላይ ሲጠየቅ ማሽኖቹ ይቆራረጣሉ እንጂ ሽቦው አይበላሽም። ለኮንዳክቲቭ ሁለት ትንንሾችን ጎን ለጎን አድርጉ። ትልቁ 4 ኪሎዋት ስለሚያሳልፍ ባለ 2 ኪሎዋት ሽቦን አይጠብቅም።

ከሰልም ይባክናል። ጄነሬተሩ በሴኮንድ 1 ኪሎ፣ በአንድ ሳይክል (በጨዋታው አንድ ቀን) 600 ኪሎ ይበላል፤ ባትሪው ሞልቶም ቢሆን ካላስቆማችሁት አያቆምም። ስማርት ባትሪውን ምልክት በሚያስተላልፈው በአውቶሜሽን ሽቦ ከጄነሬተሩ ጋር አገናኙ፣ ጄነሬተሩ የሚነሳበትን ታችኛውን ገደብ 20፣ የሚቆምበትን ላይኛውን 80 በመቶ አድርጉት። ባትሪው 20 ኪሎጁል ስለሚይዝ፣ ሌላ ፈላጊ ከሌለ ባለ 600 ዋቱ ጄነሬተር በ33 ሴኮንድ ገደማ ይሞላዋል። ሃይድሮጅን ካላችሁ የሃይድሮጅን ጄነሬተሩን ገደብ ከፍ አድርጉና ቀድሞ ይነሳ፤ ከሰሉ ለችግር ጊዜ ይቆይ።

ሁሉ ነገር ልክ ሆኖ ሽቦ ከተቃጠለ ሦስት ቦታ ፈትሹ። አንደኛ፣ ተራ የሽቦ ድልድይ የሚችለው 1 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ በወፍራም መስመር መሃል ከተቀመጠ የሚጎዳው እርሱ ነው። ሁለተኛ፣ የትራንስፎርመሩ መግቢያና መውጫ በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ተነካክተው እንደሆነ እዩ፤ ከተነካኩ ሁለቱ መስመሮች አንድ ይሆናሉ፣ ትራንስፎርመሩም እንደሌለ ይቆጠራል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ በትራንስፎርመሩ መውጫ በኩል ባትሪ ካለ አንሱት። ባትሪው ያጠራቀመውን ለማሽኖቹ በቀጥታ ስለሚሰጥ የትራንስፎርመሩ 1 ኪሎዋት ገደብ አያግደውም።