“ህጋዊ ይሁን” ሲባል የትኛውን ማለታችን ነው?

ደንበኛ የደበደባት ሴተኛ አዳሪ ፖሊስ ጋ መሄድ ትችላለች ወይ? ዛሬ በዚህ ጥያቄ ነው ምጀምረው፣ ምክንያቱም ሴተኛ አዳሪነት ህጋዊ ይሁን አይሁን ሚለው ክርክር ሲነሳ ሁሉም ሰው ቶሎ ሀጢያት ነው አይደለም ውስጥ ይገባና እሷ ተረስታ ትቀራለች፣ ለኔ ግን ዋናው ነገር እሷ ናት። (ወንዶችም በዚህ ስራ ይተዳደራሉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ ነው ሴት እያልኩ ምቀጥለው።)

በመጀመሪያ “ህጋዊ ይሁን” ሚለው ቃል ውስጥ በጣም ሚለያዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ መንግስት ፈቃድ ይሰጣል፣ ይመዘግባል፣ የት ይሰራ ማን ይክፈት ብሎ ይወስናል። ሌላው ደግሞ ስራውን ከወንጀል ህጉ አውጥቶ እንደማንኛውም ስራ በስራ ህግና በጤና ህግ ማስተዳደር ነው። ሲሰሙት ተመሳሳይ ይመስላል፣ እሷ ጋ ሲደርስ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ጀርመን]

ጀርመን በ2002 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው ምጠራው) ባወጣችው ህግ ሴቷ ያልተከፈላትን ገንዘብ በፍርድ ቤት መጠየቅ ቻለች፣ ከዛ በ2017 ሌላ ህግ መጣና ሁሉም ይመዝገብ፣ የጤና ምክር ይውሰድ፣ ኮንዶም ግዴታ ነው ተባለ። አላማው ጥበቃ ነው፣ ግን እስቲ አስቡት፣ ቤተሰቦቿ እንዳይሰሙ ምትፈራ ሴት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት እንዴት ብላ ነው ሄዳ ስሟን ምታስመዘግበው? አትመዘገብም። ስራው ህጋዊ በሆነበት አገር እሷ ህገወጥ ሆና ትቀራለች፣ ደላላውም ይሄን ያውቃል፣ ብትከሺኝ ምትቀጪው አንቺ ነሽ ብሎ ሊያስፈራራት ይችላል።

ስዊድን ሌላ መንገድ ሄደች። ከ1999 ጀምሮ ወንጀለኛው ገዢው ነው፣ ሻጯ አትከሰስም። ኖርዌይና አይስላንድ በ2009፣ ፈረንሳይ ደግሞ በ2016 ተከተሉ። ገዢ ከጠፋ ገበያው ይደርቃል፣ ሴቶችን እያዘዋወረ ሚሸጠውም ይከስራል ነው ሀሳቡ፣ ብዙዎቹ ችግር ገፍቷቸው እንደሚገቡ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ሀሳብ ልብ ይነካል፣ እኔም ገብቶኛል። ግን ገዢው እንዳይያዝ ሲቸኩልና ጨለማ ቦታ ሲመርጥ፣ ሰውየውን አነጋግራ ሰክሯል፣ ያስፈራል ብላ ምትመዝንባት ያቺ ትንሽ ደቂቃ ትጠፋለች። ስዊድን ውስጥ ለዚህ ስራ መሆኑን እያወቀ ቤት ያከራየ ሰውም ሊጠየቅ ስለሚችል ቤት ማግኘት ራሱ ፈተና ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ኒውዚላንድ፣ 60 ለ 59]

ኒውዚላንድ በ2003 በፓርላማ 60 ለ 59 በሆነ ድምፅ ነው ስራውን ከወንጀልነት ያወጣችው፣ በአንድ ድምፅ ልዩነት ማለት ነው። እስከ አራት የሚሆኑ ሴቶች ያለ ፈቃድ አንድ ቤት ውስጥ ሆነው መስራት ይችላሉ፣ አንዷ ብትጮህ ሌላዋ ትሰማለች። ደሞ ውል ኖረም አልኖረም በማንኛውም ሰአት እምቢ ማለት ትችላለች። በ2014 ደግሞ አስተዳዳሪ ባለው የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ውስጥ ምትሰራ ሴት የቤቱን አስተዳዳሪ በፆታዊ ትንኮሳ ከሳ 25,000 የኒውዚላንድ ዶላር ካሳ ተፈረደላት። ልብ በሉ፣ ከሰውነቷ ጋር የተያያዘ ስራ ስለምትሰራ ብቻ አለቃዋ እንዳሻው ሊናገራት አይችልም ነው የተባለው! እኔ ስለዚህ ህግ ሳነብ ብዙ የቆምኩት እዚህ ጋ ነው፣ ህጉ እሷን እንደ ሰው አይቷታልና። ቀዳዳው ግን እዛም አለ፣ በጊዜያዊ ቪዛ የገባች ሴት በዚህ ስራ እንድትሰራ አይፈቀድላትም፣ ስለዚህ ብትደበደብም እንዳትባረር ፈርታ ዝም ልትል ትችላለች።

ቤልጂየም ደግሞ በ2022 ከወንጀልነት አውጥታ፣ ከታህሳስ 2024 ጀምሮ የቅጥር ውል፣ የወሊድ ፈቃድ፣ ጡረታ ፈቀደች፣ ደንበኛ እምቢ ስላለች አትባረርም፣ ክፍሏ ውስጥም የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ይኖራል። ደላላን አሰሪ ብሎ መጥራት ነው ሚሉ ተቃዋሚዎች አሉ፣ ስጋቱን ንቄ አላልፈውም፣ ለዛም ነው ህጉ በአስገድዶ መድፈር ወይም በሰው ዝውውር የተፈረደበት ሰው አሰሪ እንዳይሆን ሚከለክለው። በግሏ ምትሰራዋን ግን የቅጥር ህጉ አይሸፍናትም፣ ወረቀት የሌላት ስደተኛም እዛ ሄዳ ውል መፈረም አትችልም።