ቀን 4

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። መኪና ውስጥ ነው የምቀዳው፤ ምክንያቱን ትሰማላችሁ።

ስለ ፕሮፌሰሩ፣ ስለ ልጄ ማለቴ ነው፣ ላወራ ነበር። ግን ነገሩ ስለ እኔ ነው መሰለኝ።

ሦስቱን የማር ጠርሙሶች ነግሬያችኋለሁ አይደል? የጤፍ ሊጥ ያለባቸውን? አንዱ ፍሪጅ፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ ማሞቂያው አጠገብ። የቱ ቶሎ ይኮመጥጣል? ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ነው። በየቀኑ የኮምጣጣነት መለኪያ ወረቀቱን ይነክርና ቀለሙን ያያል። ሊጡ በኮመጠጠ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል። የማሞቂያው ከ4 በታች የወረደ ቀን ጩኸቱ ጎረቤት ተሰምቷል።

ቅዳሜ እንግዳ ነበረብኝ። ጠርሙሱ ሸተተ። አጠብኩት።

ከኳስ መጣ። ጫማውን እንኳን አላወለቀም፣ በቀጥታ ማሞቂያው ጋ ሄደ። ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞሮ ወደ ኩሽና አየ። ጠርሙሱ ተደፍቶ ውሃው ይንጠባጠባል። «እማ፣ አጠብሽው?» አለኝ። «ሸተተኮ የኔ ልጅ» አልኩት። ሸተተኮ! ይቅርታ አላልኩም። ዝም ብሎ ክፍሉ ገባ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ማታ ደግሞ እንግዶቹ ፊት የማንን ወሬ ሳወራ አመሸሁ? የሔመን በቀለን። አዲስ አበባ ተወልዶ በ4 ዓመቱ አሜሪካ የመጣው፣ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ የተማረው ልጅ። በ2023 ገና በ14 ዓመቱ ስሪኤም የተባለውን ኩባንያ የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አሸነፈ፣ 25,000 ዶላር። የቆዳ ካንሰርን ለማከም ያሰበው ሳሙና ነው። ኢትዮጵያ እያለ ፀሐይ ላይ ሲሠሩ ያያቸው ሰዎች ከአእምሮው አልወጡም። በዓመቱ ታይም መጽሔት የዓመቱ ታዳጊ አለው። ሳሙናው ገና ብዙ ዓመት ምርመራ ይቀረዋል፤ እኔ ግን ፋርማሲ የገባ አስመስዬ ነው ያወራሁት። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሬ «በዕድሜ እኮ ብዙም አይበልጥህም» አልኩት። እንጀራውን እየቆረሰ ቀና አላለም።

አባቴ ትዝ አለኝ። ሁለተኛ ወጥቼ ካርዴን ስሰጠው «አንደኛዋ ሁለት ጭንቅላት አላት ወይ?» ነበር ያለኝ። ይወደኝ ነበር፣ ያንን አውቃለሁ። ግን እዚያ ቤት ሁለተኛ ማለት...

ይቅር። ዓለም አቀፉን የሒሳብ ኦሎምፒያድ ታውቁታላችሁ? ከ1959 ጀምሮ ያለው። ሁለት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ተኩል፣ በጠቅላላው 6 ጥያቄ ብቻ። ደስ የሚለኝ ምኑ ነው መሰላችሁ፣ ሜዳሊያ ያላገኘ ልጅ አንዷን ጥያቄ እንከን ሳይወጣላት ከሠራ የክብር እውቅና ይሰጠዋል። አንዷን ብቻ! ይህን ያሰበ ሰው ልጅ ያውቃል እላለሁ። ወይም እኔ ዛሬ እንደዚያ መስማት ስለፈለግኩ ይሆናል።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ የሔመንን ታሪክ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ትንሽ ልጅ ሳለ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ቤት ውስጥ ያገኘውን እየደባለቀ አልጋው ሥር ያሳድር ነበር አሉ። ጠዋት ምን እንደሚሆን ለማየት። አልጋ ሥር! እኔ ቤት ቢሆን ያ ድብልቅ ስንት ሌሊት ያድር ነበር? ከዚያ መስመር ማለፍ አቃተኝ።

ሰኞ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ክፍት አገኘሁት። በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው። «ቀን 4፦ ሦስተኛው ጠርሙስ የለም። እናቴ አጠበችው።» በቃ። ልክ ሙቀቱን እንደሚጽፈው፣ በዚያው እስክሪብቶ። አልተማረረም። እኔን እንደ አንድ የአየር ጠባይ መዝግቦኝ አለፈ።

ተናዶብኛል? ወይስ ትክክለኛ ሳይንቲስት ሆኗል? ይህን ስል ደግሞ ኮራሁ፣ አፈርኩም፣ እኔ እንጃ።

ውድድሩ ሐሙስ ነው። አዲስ ሊጥ ላቡካለት ብዬ ነበር፣ ግን ሥራው የሱ ነው፣ ደግሞስ ቀኑ ይደርሳል? ይቅርታውን ገና አልጠየቅኩትም። ዛሬ እጠይቀዋለሁ ብዬ ነው እዚህ የተቀመጥኩት፤ ይኸው አርባ ደቂቃ...

ቆይ፣ የኩሽናው መብራት በራ። እሱ ነው። ፍሪጁን ከፍቶ ያየዋል፣ ያንን የቀረውን...