ጅብራና ሻርክ

ሰላም፣ እንዴት አመሻችሁ። ደሴ ነኝ። ከጦሳ የወረደው ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል፣ ጋቢዬን ደርቤ ነው የምቀዳው። ዛሬ የማወራችሁ ብርድ አገር ስለሚኖሩ ሁለት ነገሮች ነው። አንዱ ሻርክ፣ ሌላው አበባ።

የግሪንላንድ ሻርክ ይባላል። ሰሜን አትላንቲክና አርክቲክ፣ በረዶ ሊሆን ጥቂት በቀረው ውሃ ውስጥ ነው ኑሮው። በዓመት ቢያድግ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ዕድሜውን ከዓይኑ ሌንስ ገመተ፤ የሌንሱ መሃል እናቱ ሆድ ውስጥ እያለ የተሠራ ነው፣ ከዚያ ወዲህ አይለወጥም። ትልቋ አምስት ሜትር ትሆናለች፣ ዕድሜዋ ቢያንስ 272 ዓመት። ደሴ በ1880ዎቹ ከተማ ሆና ስትቆረቆር እሷ መቶ ዓመት አልፏት ነበር!

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰው 150 ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። ሰዎች ደግሞ ለጉበቷ ዘይት ሲሉ ለብዙ ዘመን አጥምደዋታል። እና መቶ ዓመት ኖራ የተያዘችው ሻርክ አንድ ልጅ እንኳ ሳትወልድ ሄደች ማለት ነው።

ይሄኔ ጅብራው ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ለገና ዕረፍት አጎቴ ጋ፣ ጉጉፍቱ በኩል ደጋው ላይ እሄድ ነበር። አንድ ቀን ሳር እንዳጭድ ተልኬ፣ እንዲሁ ለጨዋታ አንድ ጅብራ በማጭድ ቆረጥኩ። ነጭ ወተቱ እጄ ላይ ፈሰሰ፣ ተጣበቀብኝ። አጎቴ አልተቆጣኝም። «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ገና አላበበም» ብቻ አለኝ።

ያኔ አልገባኝም። ጅብራ የኛው አገር ብቻ ተክል ነው፣ ከ3000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ የሚበቅል። ለብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ እያበዛ ይቆያል። ከዚያ አንድ ጊዜ፣ ከሰው ቁመት በላይ ተመዞ ያብባል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። ሻርኳ አንዴ ከደረሰች ደጋግማ ትወልዳለች፤ ጅብራ ሁለተኛ ዕድል የለውም። እኔ የቆረጥኩት ያቺን አንዷን ነበር።

ማታ ስንመለስ አጎቴ መንገድ ዳር የደረቀ ጅብራ አገኘ። መዳፌን ዘርጋ አለኝና ዛላውን መታ መታ አደረገው። ዘሩ ብናኝ ነው የሚመስለው፣ ክብደቱ እንኳ አይሰማም።

«በል እፍ በለው» አለኝ።

እፍ አልኩት።