ደረቁ ካንዴላ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ አልነሳ ስላለኝ ቼንሶ ነው፤ ስለ ሞተር መጋዙ። ሰሞኑን ሐሳቤን ይዞት የሰነበተው እሱ ነው። ገመድ ስስብ የዋልኩበት ትከሻዬም ገና አልሻለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነፋስ የጣለው ትልቅ ግንድ መንገድ ዘግቷል። መጋዙን ከተቀመጠበት አወጣሁና ቤንዚን እንዳለው አየሁ፤ ቾኩን (ሞተሩ ሲነሳ አየር የሚቀንስለትን) ዘግቼ ገመዱን ሳብኩ። ዝም። ደገምኩ፣ አሁንም ዝም። 30 ጊዜ ያህል ሳልስብ አልቀረሁም። መጨረሻ ላይ ከመናደዴ የተነሳ መጋዙን በአንድ እጄ ወደ ታች እየወረወርኩ በሌላው ገመዱን መሳብ ጀመርኩ። ይሄን በፍጹም እንዳታደርጉ። ድንገት ቢነሳ ሰንሰለቱ እግር ላይ ነው የሚያርፈው። መጋዝ የሚነሳው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የሰንሰለቱ ፍሬን ተይዞ፣ ቀኝ እግር የኋላውን እጀታ ረግጦ፣ ግራ እጅ የፊተኛውን አጥብቆ ይዞ ነው። ይሄን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ንዴት ግን ያስረሳል።

ከዚያ ምን አደረግኩ? ቀጥታ ወደ ካርቡሬተሩ፤ ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው። ሞተር አልነሳ ሲል ሰው ሁሉ «ካርቡሬተሩ ነው» ይላላ! ብሎኖቹን ፈታሁ። ክዳኑን ሳነሳው ስሷ ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያዋ፣ ከብረቱ ጋር ተጣብቃ ኖሮ ሁለት ቦታ ተቀደደች። ውስጡን ሳየው ደግሞ ንጹሕ ነው፤ ቆሻሻ የሚባል የለበትም። አንድ የነበረውን ችግር በገዛ እጄ ሁለት አደረግኩት። በጣም ቆጨኝ።

ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ካንዴላው ነው፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው። መፍቻ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፈትቼ መዳፌ ላይ አደረግኩት። ጫፉ ቡናማ ነው፣ ጥላሸቱም ስስ። ግን ደረቅ ነው። አሸተትኩት፤ የቤንዚን ሽታ የለውም። ቾክ ተዘግቶ ያን ያህል ተስቦ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ፣ ቤንዚን ሲሊንደሩ ጋ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ርጥብ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተቃራኒ ነበር፤ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው። ያኔ ካንዴላውን እንዳወጡ ቾኩን ከፍቶ ገመዱን ደጋግሞ መሳብና ማድረቅ ነው።

ብልጭታውንም አየሁ። መጀመሪያ ማጥፊያው በስህተት ተዘግቶ እንዳይሆን አረጋገጥኩ፤ ይሄ ብዙ ሰው ያደክማል። ካንዴላውን ሽቦው ላይ መልሼ ሰካሁት፣ ብረቱን ከሲሊንደሩ ጋር አስነካሁና ጥላ ውስጥ ሆኜ ገመዱን ሳብኩ። ሰማያዊ ብልጭታ፣ ጥርት ያለ። እዚህ ላይ አደራ፦ ካንዴላውን ከወጣበት ቀዳዳ አርቃችሁ ያዙት፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ትነት በብልጭታው ሊቀጣጠል ይችላል።

ስለዚህ ቤንዚኑን ተከትዬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ጫፉን በቆለመምኩት ሽቦ ቱቦውን ከታንኩ ውስጥ ስቤ አወጣሁት። ጫፉ ላይ ያለችው ማጣሪያ ንጹሕ ናት። ቱቦውም ሲያዩት ደህና ነው። ግን ጣቴ ላይ ጠምዘዝ ሳደርገው፣ የታንኩን ግድግዳ አልፎ በሚወጣበት ቦታ አንድ ስንጥቅ አፉን ከፈተ። ቀጥ ሳደርገው ተዘጋ፤ ሳጥፈው እንደገና ከፈተ። ጎማው ቤንዚን ውስጥ ኖሮ ኖሮ ደርቋል። ካርቡሬተሩ ቤንዚን ልሳብ ሲል የሚያገኘው አየር ነበር።

ስለ ቤንዚን ካነሳሁ አይቀር፣ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ለወራት አስቀምጦ መጋዙን መውቀስ አግባብ አይመስለኝም። የኔ መጋዝ የሚፈልገው 50 ለ 1 ነው፤ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት። ቤንዚን ሲቆይ ቶሎ የሚተነው ክፍሉ ይሄዳል፣ ቀዝቃዛ ሞተር ለመነሳት የሚፈልገው ደግሞ ያንኑ ነው። እኔ ከአንድ ወር በላይ የቆየ አልጠቀምም። ዘይት ያልገባበት ቤንዚንማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ፒስተኑን ይፍቀዋል፣ ኮምፕሬሽኑም፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት፣ ይሄዳል። ኮምፕሬሽን የጠፋበት ሞተር ገመዱ ሲሳብ እጅን አይታገልም፣ ልል ይላል። ያኔ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ፈትቶ በቀዳዳው ፒስተኑን ማየት ነው። ቁመቱን የተከተለ ጭረት ካለበት ጥገናው ከባድ ነው።

ቱቦውን በዚያው ቀን ቀየርኩት። ጓርኒሲዮኗ ግን እስክትገኝ ሁለት ቀን ፈጀች፤ ግንዱም ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ዘግቶ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ቾኩን ዘግቼ ሳብኩ፤ አራተኛ ጊዜ ስስበው «ጧ» አለ። ቾኩን መለስ አድርጌ አንዴ ስደግመው ተነሳ። የካንዴላ መፍቻዋ አሁን ከመጋዙ ሽፋን ጋር ታስራ ነው የምትቀመጠው።